ግድግዳው የሚያስተምር ቤተ መቅደስ

የቡድሃ ቤተ መቅደስ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሐውልትና የዕጣን ጢስ ነው። በዕረፍት ወቅት ከጓደኞቻችን ጋር ባንኮክ ላይ የጎበኘነው ዋት ፖ ግን ለመምህር የሚሆን ሌላ ቁም ነገር አለው። ስለ ቦታው ምንነት፣ ስለ እንግዳ ሥርዓቱና ለእኛ ስለሚሰጠው ትምህርት እነሆ በአጭሩ እንገልጻለን።

ዋት ምንድን ነው?

በታይኛ ዋት ማለት መነኮሳት የሚኖሩበት፣ ምእመናንም የሚሰበሰቡበት ቅጥር ግቢ ነው። ዘመናዊ ትምህርት ከመስፋፋቱ በፊት የአገሩ ወንዶች ልጆች ፊደል የሚቆጥሩት እዚያው ከመነኮሳቱ ዘንድ ነበር። መቼስ የቄስ ትምህርት ቤትን ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። መነኮሳቱ ጠዋት ጠዋት ሳህን ይዘው ይወጣሉ፤ ሕዝቡም የበሰለ ሩዝ ያደርግላቸዋል። ነገር ግን እንደ ቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ዓይነት ጥሪ የላቸውም፤ ዝም ብለው ይቆማሉ እንጂ።

ቡድሃ ማለት «የነቃ» ማለት ነው። ከ2400 ዓመታት ገደማ በፊት የኖረው የሲድሃርታ ጎታማ መጠሪያ ሲሆን፣ ይህን ሰው ተከታዮቹ የሚያዩት እንደ ፈጣሪ ሳይሆን መንገድ እንዳሳየ መምህር ነው። በዋት ፖ ያለው በጎኑ የተጋደመ ሐውልቱ 46 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ከፍታ አለው፤ በወርቅ ቅብም ተሸፍኗል።

የእንግዳ ሥርዓት

ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል። እግርን ወደ ሐውልቱ ዘርግቶ መቀመጥ ነውር ነው። ሴት መነኩሴን አትነካም።

ከመካከላችን አንዱ «ጫማ ማውለቁ ማምለክ አይሆንብንም ወይ?» ብሎ ነበር። ነገር ግን ስገዱ ያለን ማንም የለም። ጫማ ማውለቅ ለባለቤቶቹ የሚሰጥ ክብር ነው። እዚሁ ሶዶ ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ ወደ ጎረቤታችን ቤተ እምነት ስንሄድ ሥርዓቱን እናከብር የለም እንዴ? ነገ በየክፍሉ የሚጠብቁን ልጆችም የኦርቶዶክስ፣ የፕሮቴስታንት፣ የካቶሊክና የሙስሊም ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የሰውን እምነት ማክበር የራስን መተው እንዳልሆነ ከመምህራቸው ካላዩ ከማን ያያሉ?

በድንጋይ ላይ የተጻፈ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1767 የበርማ ጦር የቀድሞዋን ዋና ከተማ አዩታያን ሲያጠፋ ብዙ መጻሕፍት አብረው ጠፍተዋል። ስለዚህ ንጉሥ ራማ 3ኛ ዋት ፖን ሲያሳድሱ በአገሩ ያለው ዕውቀት ተሰብስቦ በድንጋይ ላይ እንዲቀረጽ አደረጉ። ከ1831 እስከ 1841 የተቀረጹት ጽሑፎች 1440 ናቸው፤ ዩኔስኮም በ2011 በዓለም የሰነድ ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ሃይማኖት፣ ታሪክ፣ ሥነ ግጥም፣ ሕክምና ሁሉ አለባቸው። ለምሳሌ ያህል በአንዳንዶቹ ላይ የሰው አካል ተሥሎ፣ የሚታሸው ቦታ በመስመርና በነጥብ ተመልክቷል። ይኸው ሙያ በ1955 በግቢው ውስጥ በተከፈተ ትምህርት ቤት ይሰጥ ጀመር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጽሑፉ የተቀመጠበት ቦታ ነው። በሣጥን ተቆልፎ አልተቀመጠም፤ ማንበብ የቻለ ሁሉ ቆሞ እንዲያነበው በግድግዳና በዓምድ ላይ ዋለ እንጂ። ታዲያ ዋት ፖን «የታይላንድ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ» ቢሉት ምን ይገርማል?

ለእኛስ?

በወላይታም ብዙ ዕውቀት በሰው አእምሮ ውስጥ አለ። ወጌሻው የወለቀ አጥንት እንዴት እንደሚመልስ፣ እናቶች የእንሰቱን ዓይነት በስም እየለዩ የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለአሙቾ እንደሚሆን፣ ሽማግሌዎች ጨረቃን እየቆጠሩ የጊፋታን ቀን እንዴት እንደሚወስኑ ያውቃሉ። ከዚህ ብዙው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ልጅ በቃል ብቻ የሚተላለፍ ነው። ልጁ ከተማ ከገባ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ለዚህ ጦርነት አያስፈልግም፤ የአንድ ትውልድ ቸልታ ይበቃል።

እንግዲህ ዕብነ በረድ አስጠርቡ የሚለን የለም። እስክሪቢቶና ወረቀት አለን። ለማስተማር ልምምድ ወደየወረዳው የምትወጡ እጩ መምህራን፣ እያንዳንዳችሁ ከአንድ አዋቂ አንድ ነገር ጠይቃችሁ፣ ፈቃዳቸውን አግኝታችሁ፣ በወላይትኛም በአማርኛም ጽፋችሁ ብትመለሱ የምትለጥፉበት ቦታ አታጡም። ይህን ጽሑፍ ቆማችሁ የምታነቡበት ግድግዳ ገና ሰፊ ነው።