እጃችሁ አልሞተም፤ መጀመሪያ ነጯን ኳስ እዩአት

ዛሬ ፖለቲካውን ለአንድ ቀን እናሳርፈውና ስለ ፑል እናውራ። «ደግሞ ፑል!» የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሱኝ፣ ነገሩ ከጨዋታ ያልፋል።

አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ዓመቱ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ፑል ላይ የሚደፍረው አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ማታ ከሥራ ወጥተን ሳንቲም የሚበላ የፑል ጠረጴዛ ያለበት ቡና ቤት ይዘነው ሄድን። በስልሳ ዶላር ተወራረደ። ሁለት ኳስ አስገባና ነጯን ወደኋላ ሊስባት ከታች መታት። ነጯ ግን ወደኋላ መምጣቷ ቀርቶ ወደፊት ተከትላ ቀዳዳ ገባች። ደገመው፣ ያው ሆነ። ገንዘቡስ ይቅር፣ ከእኛው አንዱ «የሰፈር ጀግና!» ብሎ ሳቀበት። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ፌርፋክስ ቡና ላይ ጠፋብን። ስደውልለት «ተወኝ ባክህ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ እጄም ሞቷል» አለኝ።

ይህቺ «እጄም» የምትል ቃል ከነከነችኝ። የተማረበት ወረቀት እዚህ አልሠራለትም፣ የለመደው ሥራ አልተገኘም፣ አሁን ደግሞ እጁም። ዌስትውድ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ተሳፋሪ ስጠብቅ ሳምንቱን ሙሉ ስልኬ ላይ ይሄንኑ ሳነብ ሰነበትኩ። በቪዲዮው በእጄ ያሳየኋችሁን እዚህ ረጋ ብዬ ላስረዳችሁ።

መኪና የሚነዳ ሰው ይሄን ቶሎ ይገባዋል። ኳስ ጨርቁ ላይ ሁለት ዓይነት አካሄድ አላት፤ መንሸራተትና መንከባለል። ዝናብ ላይ ፍሬን ስትረግጡ ጎማው ቆሞ መኪናው እንደሚንሸራተት፣ መሐሏን የተመታች ነጭ ኳስም መጀመሪያ ሳትዞር ትንሸራተታለች። ቀስ በቀስ ጨርቁ ይይዛትና መንከባለል ትጀምራለች። ከመሐል ከፍ አድርጋችሁ፣ ከጠረጴዛው ሲለካ የቁመቷ 7/10 ላይ ከመታችኋት ግን ሳትንሸራተት ወዲያው ትንከባለላለች። ከታች ስትመቷት ደግሞ መኪናው ወደፊት እየሄደ ጎማው በማርሽ ኋላ እንደሚዞር ማለት ነው። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ጨርቁ ያንን የኋላ ዙር ይበላዋል። ስለዚህ ሩቅ ያለ ኳስ መትቶ ነጯን ወደኋላ መሳብ ከባድ ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ነጯ ሌላዋን ፊት ለፊት ስትመታ፣ ክብደታቸው እኩል ከሆነ ፍጥነቷን ከሞላ ጎደል ሁሉን አስረክባ ትቆማለች። ሽክርክሪቷን ግን አታስረክብም፣ እሱ እሷው ጋር ይቀራል። የኋላ ዙር ከቀራት ጨርቁን ቆንጥጣ ወደ እናንተ ትመለሳለች፣ የፊት ዙር ካላት ትከተላለች፣ ምንም ከሌላት እዚያው ቀጥ ትላለች። በጎን ስትመታም ሕጉ ይሠራል። ሳትዞር የደረሰች ነጭ ከሌላዋ ኳስ መንገድ በ90 ዲግሪ ትለያለች። እየተንከባለለች ደርሳ ኳሷን ግማሽ ያህል ከሸፈነች ደግሞ ከነበረችበት መስመር 30 ዲግሪ ገደማ ትታጠፋለች።

የጎን ሽክርክሪትን አሜሪካኖቹ «ኢንግሊሽ» ይሉታል። ብዙ የሚጠቅመው ነጯ የጠረጴዛውን ጠርዝ ስትነካ አቅጣጫዋን ለመቀየር ነው። ዋጋ አለው ግን፤ ቀኝ ጎኗን ከመታችኋት ስትነሳ ትንሽ ወደ ግራ ትሸሻለች። «አነጣጥሬ ሳትኩ» የሚያሰኘው አንዱ ይሄ ነው። ደግሞ ከመሐል 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ካለፋችሁ፣ ቾክ ብትቀቡም ስቲኩ ይንሸራተታል። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ኮሪዮሊስ በ1835 እ.ኤ.አ. የቢሊያርድን ሒሳብ ብቻ የሚተነትን መጽሐፍ አሳትሟል።

ይሄ ሁሉ «ክብደታቸው እኩል ከሆነ» በምትለው ላይ የቆመ ነው። እኩል ካልሆነስ?

የአሜሪካ ፑል ኳስ ስፋቱ 57.15 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከ156 እስከ 170 ግራም ነው። ሳንቲም የሚበላው ጠረጴዛ ግን አንድ ችግር አለበት። የገቡትን ኳሶች ይውጥና ነጯን ብቻ መመለስ አለበት። በምን ይለያት? አዳዲሶቹ በማግኔት ይለዩአታል። በድሮዎቹ ግን ነጯ ከሌሎቹ ትልቅ ሆና፣ 60.3 ሚሊ ሜትር ተደርጋ ትሠራለች። ልዩነቱ በዓይን ኢምንት ይመስላል። የተሠራችበት ነገር አንድ ከሆነ ግን ክብደቷ 17 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እንዲህ ያለች ነጭ ሳትዞር ብትደርስም አትቆምም፤ ከፍጥነቷ 8 በመቶ ያህሉን ይዛ ወደፊት ትገፋለች። ወደኋላ ለመሳብ መጀመሪያ ይሄን ግፊት ማሸነፍ አለባችሁ።

ለንደን ያላችሁ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። መጠጥ ቤት ያሉት ኳሶች 50.8፣ ነጯ 47.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነች ትቀላለች። ቀላል ነጭ ያለ ሽክርክሪትም ነጥራ ትመለሳለች። ሳትችሉ የቻላችሁ ታስመስላችኋለች!

ወዳጄን «የሰፈራችሁ ነጭ ኳስ እንዴት ነበረች?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ከሌሎቹ ታንስ ነበር፣ ዳር ዳሯ ተፈቅፍቆ አልቋል» አለኝ። አያችሁ? ነጯ በየምቱ ስለምትመታ ከሁሉም ቀድማ ታልቃለች። እሱ ቀላሏን ነጭ ለዓመታት ለምዶ መጣና ከባዷ ጋር ተፋጠጠ። እጁ የሚያውቀውን በትክክል ሠርቷል፣ የተቀየረችው ኳሷ ነበረች።

እናንተም ከመወራረዳችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። አንደኛ፣ ነጯንና ሌላ ኳስ ጎን ለጎን አስጠግታችሁ ስቲኩን ከላያቸው አጋድሙበት፤ ካዘነበለ ቁመታቸው አንድ አይደለም። ሁለተኛ፣ በስንዝር ርቀት ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ ነጯን መሐሏን ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ቀጥ ካለች እኩል ናቸው። ወደፊት ከተከተለች ከባድ ናት፣ ወደኋላ ከነጠረች ቀላል ናት። ከባድ ከሆነች ወደኋላ መሳብን ቀንሱና የምትከተልበትን ጨዋታ ምረጡ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁሉም ጥፋት የኳስ አይደለም። ወዳጄን መደበኛ ኳስ ያለበት ቤት ወስጄው የመጀመሪያውን ሰዓት እዚያም ሲስት ነበር። በሁለተኛው ሰዓት ግን ነጯን ከጠረጴዛው ወገብ እስከ ስቲኩ ጫፍ ጎትቶ አመጣትና ዝም ብሎ አየኝ። ባለፈው እሁድ ፌርፋክስ መጥቶ ቡና ጠጥቷል። የሳቀበት ሰውዬም ነበር፤ ቅዳሜ ሊጋጠሙ ተቀጣጥረዋል። ቡና ቤቱን የመረጠው ወዳጄ ነው።

ከአገር የያዛችሁት ሙያ እዚህ ሲከዳችሁ ቶሎ «ሞቷል» አትበሉ፤ መጀመሪያ የምትመቱትን ነገር መዝኑ።

እስከምንገናኝ ቸር ሰንብቱ።