ኢንተርኔቱ ሳይሆን ስሙ ሲጠፋ፦ አዲስ ራውተር ከመግዛታችን በፊት የምናደርገው ምርመራ

በአፉላ ኢንዱስትሪ ቀጠና በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ አንዲት እናት ቁስላቸውን ለመጠቅለል ቤታቸው ሄጄ ነበር። «ልጄ፣ ኢንተርኔቱ ሞቷል። የደም ምርመራ ውጤቴም፣ ትሉሼም አልከፈት አለኝ» አሉኝ። በስልክ ያማከሩት ሰው አዲስ ራውተር እንዲገዙ ነግሯቸዋል። የራውተሩ መብራት ግን በርቷል። የእኔን ስልክ ከዋይፋያቸው ጋር ሳገናኘው ሁሉም ተከፈተ። ሕመሙ ራውተሩ ላይ ሳይሆን ስልካቸው ላይ ነበር።

እያንዳንዱ ድረ ገጽ እንደ ስልክ ቁጥር ያለ የቁጥር አድራሻ አለው። እኛ የምንጽፈው ስሙን ነው፤ ስሙን ወደ ቁጥር የሚመልስልን ዲኤንኤስ የሚባለው አሠራር ሲሆን ከ1983 ጀምሮ አለ። እሱ ሲታወክ መስመሩ ደህና ሆኖ ሳለ ገጹ አይከፈትም።

ምርመራው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦

1. በቤት ያለ ሌላ ስልክ በዚያው ዋይፋይ ይሞክሩ። የሌላው ከሠራ ችግሩ ያለው በእርስዎ መሣሪያ ነው።

2. በአይፎን ዋይፋይ ውስጥ ገብተው የዲኤንኤሱን ምርጫ «አውቶማቲክ» ያድርጉ። በአንድሮይድ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚለውን እንዲሁ። የእኚያ እናት ስልክ ላይ አንድ ሰው በእጅ ያስገባው ቁጥር ነበር፤ ስንመልሰው ትሉሹ ተከፈተ።

3. ሁሉም መሣሪያ እምቢ ካለ ዋይፋዩን አጥፍተው በስልክ ዳታ ይሞክሩ። በዳታ ከተከፈተ ድረ ገጹ ደህና ነው። ራውተሩን ከሶኬት ነቅለው 30 ሰከንድ ቆይተው ይሰኩት።

4. ኮምፒውተር ካለ በትእዛዝ መስኮቱ «ፒንግ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ከጎኑ 8.8.8.8 ያስገቡ። ቀጥሎ በቁጥሩ ፈንታ የጉግልን አድራሻ በስሙ ይጻፉ። ቁጥሩ መልሶ ስሙ ካልመለሰ ችግሩ ዲኤንኤስ ነው።

5. በዚህ ጊዜ የጉግልን 8.8.8.8 ወይም የክላውድፍሌርን 1.1.1.1 በዲኤንኤስ ቦታ ማስገባት ይቻላል። ነገር ግን የልጆች መከላከያ በዲኤንኤስ የሚሠራ ከሆነ ሊጠፋ ይችላል። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተርንም ሳይጠይቁ አይንኩ።

እርስዎ ያላስገቡትን ቁጥር ራውተሩ ላይ ካገኙ ይጠንቀቁ። ዲኤንኤስን የያዘ ሌባ የባንክዎን ስም ጽፈው ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊወስድዎ ይችላል። በ2011 የተያዘ አንድ ቡድን በዚህ መንገድ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን በክሎ ነበር። የራውተሩን የይለፍ ቃልም ይቀይሩ።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ለአቅራቢው ሲደውሉ «ኢንተርኔት የለም» አይበሉ፤ «ቁጥር ይመልሳል፣ ስም አይመልስም» ይበሉ። ቴክኒሻን ከቀጠሩልዎ ሰዓቱን ይመዝግቡ፤ በእስራኤል ሕግ ከተቀጠረው ሰዓት ከሁለት ሰዓት በላይ ቢያስጠብቁዎ ካሳ የመጠየቅ መብት አለዎት። ከሌሊት ፈረቃ ለተመለሰ ሰው የእንቅልፍ ሰዓትም ገንዘብ ነው።