ነጭ ድርጭት ሁሉ አልቢኖ አይደለም

የነጭ ድርጭት ፎቶ በወጣ ቁጥር «አልቢኖ ነው፣ የዘመድ ጋብቻ ያመጣው ነው፣ እንቁላሉም አይበላም» የሚል ሰው አይጠፋም። ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ! ስለ እንቁላሉ ብዙ አልልም፤ ላባ ስለነጣ እንቁላል አይመረዝም። ዘመዳሞችን ማራባትም ቢሆን ተደብቆ የኖረን ሚውቴሽን አደባባይ ያወጣዋል እንጂ አይፈጥረውም። ጂን ምን እንደሆነ አንባቢ ከትምህርት ቤት ያስታውሳል ብዬ ወደ አልቢኖው ጉዳይ ልሂድ።

ነገሩን ለመለየት ጫጩቱ በተፈለፈለ ዕለት በእጅ ይዞ ዐይኑን ወደ ብርሃን ማዞር ነው። ዐይኑ ቀላ ካለ በእርግጥም አልቢኖነትን መጠርጠር ይገባል። ላባው ነጭ ሆኖ ዐይኑ እንደ ቁንዶ በርበሬ ከጠቆረ ግን ታሪኩ ሌላ ነው።

የላባን ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ላባው ሥር አይወለዱም። ሽሉ ገና ጥቂት ቀን ሲሆነው፣ ኋላ አከርካሪ ውስጥ ከሚገኘው የነርቭ ገመድ አናት ላይ ተነሥተው፣ ከቆዳ በታች ረጅም መንገድ ተጉዘው ነው የሚደርሱት። ኒውራል ክረስት ይባላሉ። ይህን ጉዞ ለማየት ያስቻለችን ደግሞ ድርጭት ራሷ ናት። ፈረንሳዊቷ ኒኮል ለ ዱዋራን የድርጭት ሕዋስ ኑክለስ ውስጥ በማይክሮስኮፕ በቀላሉ የሚለይ ጥቅጥቅ ያለ ጉብታ መኖሩን አስተዋለች፤ ግኝቷንም በ1969 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳተመች። ከዚያ በኋላ የድርጭትን ሕዋስ በዶሮ ሽል ውስጥ እየተከሉ የት እንደሚደርስ መከታተል ተቻለ። ከነጭ ዶሮ እንቁላል የድርጭት ቀለም ያለው ላባ ጣል ጣል ያለበት ጫጩት ወጣ።

የዐይን ሬቲና ጥቁር ሽፋን ግን መንገደኛ አይደለም። ዐይን ሲሠራ እዚያው ከአንጎል እብጠት የሚወጣ ነው። ስለዚህ ተጓዦቹ መንገድ ከቀሩ ላባው ይነጣል፣ ዐይኑ ይጠቁራል። አልቢኖው ላይ ቀለም ቀቢው ሥራ ቦታው ደርሶ ቀለም አጥቷል፤ ጥቁር ዐይናው ላይ ቀቢው ራሱ አልመጣም።

ነጭ መደብ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ ያላት ፓንዳ ድርጭት የዚህኛው ዓይነት ናት። በ2007 የጃፓን ተመራማሪዎች ሚውቴሽኗን ኢዲኤንአርቢ2 ከተባለ ጂን ጋር አያያዙት፤ ተጓዥ ሕዋሳት የመንገድ ምልክት የሚቀበሉበት ጂን ነው። ፈረስና ሰው ይህ ጂን የላቸውም። ያላቸው ወንድሙ ኢዲኤንአርቢ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የአንጀት ነርቮችንም ይመራል። ስለዚህ በፈረስ ላይ ሁለቱም ቅጂዎች ሲበላሹ ውርንጭላው ነጭ ሆኖ ይወለድና አንጀቱ ስለማይሠራ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ፓንዳ ግን ሥራው ለሁለት ጂኖች ስለተከፈለላት ከዚህ ተርፋለች።

ሲልቨር የሚባለው ሚውቴሽን ግን የዐይኑን ሕግ ያወሳስበዋል። (ዶሮ አርቢዎች ሲልቨር የሚሉት ሌላ ጂን ነው፤ ስሙን ያወጡት ሰዎች ቢመካከሩ መልካም ነበር።) ኤምአይቲኤፍ ጂን ላይ ሁለት ፊደል ጎድሎ የመጣ ነው። ጂኑ በላባም በዐይንም ስለሚሠራ ሬቲናው ሊዛነፍ ይችላል። በ2010 የወጣ ጥናት ሁለት ቅጂ የያዙት ነጮች እድገታቸው ትንሽ እንደሚያንስ፣ ልባቸውም አነስ እንደሚል አሳይቷል። ወሬኞች ይህን ይዘው «አላልንም?» ሊሉ ይችላሉ። የአንድ ጂን ጣጣ ግን ለነጭ ድርጭት ሁሉ አይለበስም፤ ከጎኑ ያለ ሌላ ጂን አብሮ እየተወረሰ ከሆነም ሁለቱን መለየት ቀላል ሥራ አይደለም።

እውነተኛው አልቢኖ ኤስኤልሲ45ኤ2 የተባለው ጂን የተበላሸበት ነው። ጂኑ ያለው ዜድ ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ሴቷ አንድ ዜድ ብቻ፣ ወንዱ ሁለት አለው። እንግዲህ ንጹሕ ዘር ያለው ፓንዳ ወንድ ከአልቢኖ ሴት ጋር ይዳቀል። 17 ቀን ገደማ ቆይቶ ከሁለት ነጭ ወላጆች የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ሁሉ ባለቀለም ናቸው! እናትየውን መጠርጠር አያስፈልግም፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው ሞልቶለት ነው። ወላጆቹን ብንገለብጣቸው፣ ማለትም አባት አልቢኖ እናት ፓንዳ ቢሆኑ፣ ወንዶቹ ባለቀለም ሆነው ሴቶቹ በሙሉ ቀላ ያለ ዐይን ይዘው ይወጣሉ።