ስለ ሰው ምርጫ

ልጆች ሆይ፤ በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡትን ወንድማማቾች ተመልከቱ። አንዱ ጎደሬ ይወዳል፤ ሁለተኛው ቦዬ ይሻለኛል ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ቆጮውን በጎመን ካላገኘ ደስ አይለውም። እናታቸው አንዲት ናት፤ ያደጉበትም ቤት አንድ ነው፤ የሚወዱት ግን ልዩ ልዩ ነው። እንዲህ ከብዙ ነገር አንዱን ወድዶ መያዝ ምርጫ ይባላል።

ምርጫም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰው ለራሱ ብቻ የሚመርጠው ነው፤ ሁለተኛው ለብዙ ሰዎች በአንድነት የሚመረጠው ነው። በሶዶ ከተማና በወላይታ አገር የሆነውን ብንመለከት የሁለቱ ልዩነት ይገለጥልናል።

ጨዋታ ከፊተኛው ወገን ነው። በሶዶ ወላይታ ድቻ የሚባል የእግር ኳስ ቡድን አለ፤ የተመሠረተውም በ2001 ዓ. ም. ነው። በ2010 ዓ. ም. ይህ ቡድን ዛማሌክ ከሚባለው ስመ ጥር የግብጽ ቡድን ጋር በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ተገናኘ። በአገሩ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በካይሮ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ እኩል ስለ ሆኑም በፍጹም ቅጣት ምት ተለያዩና ድቻ አለፈ። በሶዶም ታላቅ ደስታ ሆነ። በሌላው ቀን ግን አንዱ ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ ሌላው ከባሕር ማዶ አርሴናልን ወይም ማንቸስተር ዩናይትድን ይወዳል፤ በአንድ መደብ የሚተኙ ወንድማማቾችም ስለዚህ ይከራከራሉ። ክርክሩ ወደ ስድብ ካልደረሰ ክፋት የለበትም። ይህን ቡድን ውደድ ብሎ ሰውን ማዘዝ አይቻልም፤ ቢታዘዝም አንደበቱ እሺ ይላል እንጂ ልቡ እሺ አይልም።

የመንፈስም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ክብደቱ ግን ከጨዋታ ጋር አይተካከልም። በወላይታ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን፣ ካቶሊኮችና ወንጌላውያን በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ በለቅሶም አብረው ይቀመጣሉ። በ1920 ዓ. ም. የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ወደዚያ አገር መጥተው ማስተማር ጀመሩ። ጣሊያን አገራችንን ከወረረ በኋላ ግን በ1929 ዓ. ም. ከሶዶ ወጡ። በዚያን ጊዜ የተጠመቁት ሰዎች 48 ያህል ብቻ ነበሩ። ከመሪዎቻቸውም የታሰሩና የተገረፉ አሉ። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን ብዙ ሺህ ሆነው አገኟቸው። ማን አስገደዳቸው? በዚያ ዘመን የሚያስገድደው ተው የሚል ነበረ እንጂ ያዝ የሚል አልነበረም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንምጣ። ጎረቤታችሁ የሚወደው ቡድን እናንተን አይጎዳችሁም። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ግን ለአንድ ልጅ ብቻ አይታተምም፤ አንዱ የመረጠውን ሁሉ ያነብበዋል። ቀድሞ ወላይታ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ጋር ሰሜን ኦሞ በሚባል ዞን ውስጥ ነበረ። የአራቱ ሕዝብ ቋንቋዎች ይቀራረባሉና፣ የመንግሥት ሰዎች አራቱን ቀላቅለው አንድ የትምህርት ቋንቋ አበጁ፤ ስሙንም ወጋጎዳ አሉት። እናንተ ፊደል የምትቆጥሩ ልጆች፣ ከወላይታ ወ፣ ከጋሞ ጋ፣ ከጎፋ ጎ፣ ከዳውሮ ዳ ብላችሁ ልቀሙና ስሙን ታገኙታላችሁ። መጽሐፉ ወደ ትምህርት ቤት በመጣ ጊዜ መምህራንና ተማሪዎች፣ ወላጆችም፣ አንቀበልም አሉ። በዚያ ቋንቋ ልጅዋን የምታባብል እናት አንዲት እንኳ አልነበረችምና። በኅዳር 1992 ዓ. ም. በሶዶ ሁከት ተነሣ፤ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ታሰሩ። በኋላ መጽሐፉ ቀረ፤ በ1993 ዓ. ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

መጽሐፉን ያዘጋጁት ሰዎች ክፉ ያሰቡ አይመስለኝም። አራት መጽሐፍ ከማሳተም አንድ ማሳተም ወጪው ያንሳል፤ ቋንቋዎቹም ዘመዳሞች ናቸው። ነገር ግን የሕፃናቱ አባትና እናት አስቀድመው በሚገባ አልተጠየቁም። ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ የሞቱት ሰዎች ባልሞቱ ነበር።

መንግሥት ሕዝብን የሚጠይቅበት ሥርዓት ድምፅ መስጠት ነው። የወላይታ ዞን ምክር ቤት በታኅሣሥ 2011 ዓ. ም. ወላይታ ለብቻው ክልል ይሁን ብሎ ጠይቆ ነበር። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ. ም. ሕዝበ ውሳኔ በተደረገ ጊዜ ግን ጥያቄው ሌላ ሆነ፤ ይኸውም ከሌሎች አምስት ዞኖችና ከአምስት ልዩ ወረዳዎች ጋር አዲስ ክልል ይመሥረት፣ ወይስ በነበረው ይቆይ የሚል ነው። ማንበብ የማያውቅ ሰው እንዳይቸገር በወረቀቱ ላይ ሥዕል ታተመ፤ ነጭ እርግብ ለአዲሱ ክልል፣ ጎጆ ቤት ለነበረው። መራጩ ብቻውን ከመጋረጃው ኋላ ይገባል፤ ማንም ሳያየው ምልክት ያደርጋል፤ ወረቀቱንም አጥፎ በሣጥን ይጨምረዋል። ይህም በምስጢር የሚሆነው ሹም ባላገሩን፣ አባትም ልጁን እንዳያስፈራ ነው። በወላይታ ግን በዚያ ቀን ሥርዓቱ ስለ ተጣሰ የምርጫ ቦርድ የወላይታውን ድምፅ ሰረዘ፤ ሰኔ 12 ቀንም ሕዝቡ ዳግመኛ ተሰለፈ። እርግቢቱ አሸነፈች፤ በነሐሴ ወር የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ወላይታ ሶዶም የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆነች። ለብቻችን ክልል እንሁን ይሉ የነበሩት ሰዎች ግን ወረቀቱን ገልብጠው ቢያዩትም ሦስተኛ ሥዕል አልነበረበትም።