ደሙ ያልወጣለት ዓሣ ጅማ ሳይደርስ ዋጋው ይወርዳል

ንጋት 12 ሰዓት ገደማ በግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ ማምሻውን የተጣለው መረብ ይነሣል። ከመረቡ ከሚላቀቀው ቆሮሶ ገሚሱ ገና ይፈራገጣል፤ ገሚሱ ደግሞ ሌሊቱን ሞቶ ያደረ ነው። ሁለቱም በአንድ ከረጢት ተጨምረው ወደ ዳር ይወጣሉ። ከዚያም በሞተር ሳይክል ወይም በሚኒባስ ወደ አሰንዳቦ፣ ወደ ሰርቦና ወደ ጅማ ጉዞ ይጀመራል። ፀሐይ ጠንከር ስትል ከረጢቱ ቀላ ያለ ፈሳሽ ማንጠባጠብ ይጀምራል። እኩለ ቀን ላይ ከረጢቱ ገበያ ውስጥ ሲፈታ ገዢዋ አፍንጫዋን ይዛ ታልፋለች፤ ሻጩም ዋጋ ይቀንሳል።

ለዚህ ኪሳራ አንዱ ምክንያት የበረዶ እጥረት መሆኑን አጥማጁም ነጋዴውም ያውቀዋል። ብዙም የማይነሣው ሌላው ምክንያት በዓሣው ሥጋ ውስጥ የሚቀረው ደም ነው።

የግልገል ጊቤ ግድብ ከጅማ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ ይገኛል። 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ይህ ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። ውኃው ሲተኛ በኦሞ ናዳ፣ በቀርሳ፣ በጢሮ አፈታና በሰቆሩ ወረዳዎች የእርሻና የግጦሽ መሬት በውኃ ተውጧል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም ከቀያቸው ተነሥተዋል። በሐይቁ ዙሪያ ላለ አርሶ አደር እንግዲህ ዓሣ የትርፍ ጊዜ ሥራ ብቻ ተደርጎ የሚታይ አይደለም። መሬቱን የወሰደው ውኃ መልሶ የሚሰጠው ነገር ቢኖር ይኸው ዓሣ ነው። ዓሣው ገበያ ሳይደርስ ሲበላሽ አርሶ አደሩ ለሁለተኛ ጊዜ ይጎዳል።

ዓሣ እንደ ከብት ብዙ ደም የለውም። ይሁን እንጂ ያለው ጥቂት ደም ሥጋው ውስጥ ሲቀር ሁለት ጉዳት ያስከትላል። አንደኛ፣ ደም ለባክቴሪያ ምቹ ምግብ በመሆኑ በሙቀት ውስጥ መበላሸትን ያፋጥናል። ሁለተኛ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ብረት ከአየር ጋር ሲገናኝ የዓሣው ስብ ቶሎ እንዲኮመጥጥ ያደርጋል። ብዙ ሰው “የዓሣ ሽታ” እያለ የሚሸሸው ሽታ በከፊል ከዚህ የሚመጣ ነው። መልኩም ይለወጣል፤ ደሙ የወጣለት ዓሣ ፊሌቶ ነጣ ብሎ ሲታይ፣ ደሙ የቀረበት ግን ቀይ ነጠብጣብና ጥቁር መስመር ይዞ ይቀራል። በጅማ ያለ ሆቴል ወይም ምግብ ቤት ይህን መስመር ሲያይ ዓሣው የቆየ ይመስለዋል። ጠዋት የተያዘ ቢሆንም የሚያምነው አያገኝም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ዓሣው በሕይወት እያለ ከመረቡ ወይም ከመንጠቆው እንደተላቀቀ አናቱ ላይ በአጭር ዱላ አንድ ጊዜ በኃይል ይመታል። ይህም ዓሣው እየተንፈራገጠ እንዳይሠቃይና ሥጋው እንዳይጎዳ ይረዳል። ወዲያው የስንጥቡ ክዳን ገለጥ ይደረግና በስለታም ቢላ ስንጥቡ፣ ማለትም ዓሣው የሚተነፍስበት ማበጠሪያ መሰል ቀይ አካል፣ ይቆረጣል። የዓሣ ልብ የሚገኘው ከስንጥቡ ኋላ፣ ከጉሮሮው ሥር ነው፤ ስለዚህ ደሙ በራሱ በልቡ ምት እየተገፋ ይወጣል። ዓሣው ንጹሕና ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያል። ቀዩ ስንጥብ ገርጥቶ ሲታይ ደሙ መውጣቱ ታውቋል ማለት ነው። የባልዲው ውኃ ሲደፈርስ መቀየር አለበት፤ በደም በተሞላ ውኃ ዓሣ ማጠብ ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል።

ቀጥሎ ሆድ ዕቃው ይወጣል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ሆዱ ከተከፈተ በኋላ በአከርካሪው ሥር ተለጥፎ የሚታየው ጥቁር ቀይ ነገር ኩላሊቱ ሲሆን በደም የተሞላ ነው። በአውራ ጣት ወይም በትንሽ ብሩሽ ተፍቆ ካልወጣ መጀመሪያ የሚሸተው ያ ቦታ ነው። ለአምባዛም ሆነ ለቆሮሶ ይኸው ነው።

ችግሩ ሌሊት በመረብ ውስጥ የሞተው ዓሣ ላይ ነው። ልቡ ከቆመ በኋላ ደሙ ይረጋል፤ ከሞተ ግማሽ ሰዓት ያለፈው ዓሣ ስንጥቡ ቢቆረጥ የሚወጣው ጥቂት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ውስጥ የሚያድር መረብ ስለዚህ ለጥራት ጠላት ነው። መረቡን በሌሊት አንዴ መፈተሽ፣ ወይም ማምሻውን ጥሎ ከማሳደር ይልቅ ከንጋት በፊት ጥሎ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ማንሣት ሥራ ይጨምራል፤ በሕይወት የሚገኘውን ዓሣ ቁጥር ግን ከፍ ያደርገዋል። ሞቶ የተገኘው ዓሣ ለብቻው ተለይቶ፣ ቶሎ ተጸድቶ፣ በቅርብ ላለው ገበያ ቢቀርብ ይሻላል። ከደህናው ጋር በአንድ ከረጢት ከገባ ግን ደህናውንም ይዞት ይወርዳል።

በጅማ ዙሪያ አሠራሩ እንዳይለመድ ያደረገ ሌላም ነገር ያለ ይመስላል። በአካባቢው የሚበዛው ሙስሊሙ ማኅበረሰብ ዘንድ ዓሣ ሳይታረድ የሚበላ ነው። ስለዚህ በዓሣ ላይ ቢላ ማንሣት አስፈላጊ ሆኖ አይታይም። እዚህ የሚባለው ግን ስለ ሃይማኖት ሥርዓት አይደለም፤ ዓሣው ሳይታረድም የተፈቀደ ነው፣ ደሙ ቢወጣለት ደግሞ የበለጠ ይቆያል። አበው “ዓሣ መብላት በብልሃት” ያሉት ለእሾሁ ነበር። ማጥመዱም ብልሃት የሚሻ መሆኑን ግን ገበያው እያስተማረ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ሥራ ከያዘው ቆይቷል። በኖርዌይ የሳልመን እርባታ ዓሣው ከተደነዘዘ በኋላ ስንጥቡ ተቆርጦ በቀዝቃዛ ውኃ ደሙ እንዲፈስ ይደረጋል። ጃፓኖች “ኢኬጂሜ” በሚሉት ዘዴ የዓሣውን አንጎል በሹል ብረት ወግተው ወዲያው ደሙን ያፈሳሉ፤ እንዲህ የተያዘ ዓሣ በገበያቸው ከሌላው በላይ ያወጣል። በእርግጥ ጥቅሙ በሁሉም ዝርያ እኩል አይደለም። ስብ በሚበዛበት ዓሣ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ሲታይ፣ ስቡ አነስተኛ በሆነው ቆሮሶ ላይ ይበልጥ የሚታየው በመልኩ ነው። ደግሞም ደም ማፍሰስ በረዶን አይተካም። በሚገባ በበረዶ የተያዘ ቆሮሶ ከሁለት ሳምንት በላይ ለምግብነት ሊቆይ ይችላል፤ በሙቀት ውስጥ የተተወ ግን ደሙ ወጣም አልወጣም በአንድ ቀን ውስጥ ይበላሻል። በረዶ ባልተገኘበት ቀን እርጥብ ጆንያ ለብሶ፣ ከፀሐይ ተሸሽጎ፣ ማለዳ መጓዙ የሚቀረው አማራጭ ነው።

የአጋሮና የሊሙ ገነት አርሶ አደር ይህን ነገር ለመረዳት ብዙ ማስረዳት አያሻውም። ቀዩ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ፣ ጥሬው ከበሰለው ጋር ከተቀላቀለ፣ በኋላ የፈለገ ቢታጠብ ጣዕሙ እንደማይመለስ ያውቃል። ዓሣም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው፤ የሚለየው የዓሣው ሰዓት በደቂቃ የሚቆጠር መሆኑ ብቻ ነው። ቡናው ግን አንድ ነገር ይበልጣል፤ ለቀይ እሸት የሚከፈለው ከሌላው ይለያል። ደሙ ወጥቶ የጸዳውም ሌሊት ሞቶ ያደረውም በአንድ ዋጋ በኪሎ እስከተገዛ ድረስ አጥማጁ ለምን 20 ደቂቃ ይለፋል? ነጋዴውና ምግብ ቤቱ በሐይቁ ዳር ሁለት ዋጋ ካላወጡ ሥልጠናው ብቻውን ሩቅ አያስኬድም።

ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ሥራው እዚህ ላይ ነው። መንግሥት በ2015 ዓ.ም. ባስጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዓሣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከማር ጎን ተሰልፏል። በአገሪቱ አንድ ሰው በዓመት የሚመገበው ዓሣ በአማካይ ከአንድ ኪሎ ግራም በታች መሆኑ ሲታይ ተገቢ ነው። በየሪፖርቱ የሚቆጠረው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተጠመደው ኩንታልና የሠለጠነው ሰው ነው፤ ገበያ ደርሶ የተጣለው አይቆጠርም። በዓሣ ማስገሪያ ማኅበራት ዘንድ ለአንድ ሰርቶ ማሳያ የሚያስፈልገው ቢላ፣ ሁለት ባልዲና ንጹሕ ውኃ ነው። በዚያው ዕለት ከተያዘው ላይ አምስቱ ደማቸው ወጥቶ፣ አምስቱ እንደ ቀድሞው ተትተው፣ ሁሉም እኩል በረዶ ቢለብሱና ከአንድ ቀን በኋላ ጎን ለጎን ቢቆረጡ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ብዙ መናገር አይጠበቅበትም።

የሚቀረው ደሙ የተቀላቀለበት ውኃና ሆድ ዕቃው ነው። በሐይቁ ዳር ሲጣል ዝንብና ውሻ ይጠራል፤ ከቡና ገለባና ከቅጠል ጋር ተደባልቆ በኮምፖስት ጉድጓድ በደንብ ከተቀበረ ግን ለቡና ችግኝ ጥሩ ማዳበሪያ ይወጣዋል።