በትንሽ ብር ባሕር ዳርን መዝናናት፦ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ለምትመጡ



ሪፈር ተጽፎላችሁ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ ለልጅ ምርቃት፣ ለሠርግ ወይም ለሥራ ጉዳይ ከንፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ ባሕር ዳር የምትመጡ ብዙ ናችሁ። ውጤት እስኪደርስ ወይም ጉዳዩ ካለቀ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ይተርፋል። ኪስ ውስጥ ያለው ግን የአልጋና የመመለሻ ብቻ ነው። "ያለ ብር ምን ይታያል?" ብሎ አልጋ ላይ መዋል አያስፈልግም፤ ከተማዋ በነጻና በርካሽ የምታሳየው ብዙ አላት።

አንድ ነገር ብቻ ላስቀድም። የባሕር ዳር ርካሹ መዝናኛ ውሃ ዳር ነው፣ ጥሩው ሰዓት ደግሞ ማምሻ ላይ ነው። የወባ ትንኝም የምትወጣው እዚያው፣ በዚያው ሰዓት ነው። ስለዚህ ብር የሚቆጠብበትን እና የማይቆጠብበትን ለይተን እንይ።

ምን እንይ?

• ጣና ዳር የእግር መንገድ፦ ከሀገራችን ሐይቆች ሁሉ ትልቁን ለማየት ብዙ ብር አያስፈልግም። የደንገል ታንኳዎችንና ወፎችን እያዩ በዝግታ መራመድ ለልብም፣ ለደም ግፊትም፣ ለሐሳብም ጥሩ ነው። በተለይ በሽተኛ ስታስታምሙ ለሰነበታችሁ ግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ ራሱ ሕክምና ነው።

• አዲሱ የዓባይ ድልድይ፦ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለው ነው። በእግር ተሻገሩት።

• ቤዛዊት ኮረብታ፦ ከላይ ሆናችሁ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲሄድ ታያላችሁ። ጠዋት ውጡ፣ ውሃ ያዙ።

• ብስክሌት፦ ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ጎዳናዎቿ በዘንባባ የተሞሉ ናቸው። ከባጃጅ ይልቅ ብስክሌት መከራየት ኪስም ይቆጥባል፣ ጉልበትም ያጠነክራል።

• ገዳማት፦ ደብረ ማርያም ለከተማዋ ቅርብ ናት። ዘጌ በመኪናም በጀልባም ይደረሳል። ጀልባ ብቻችሁን አትከራዩ፤ ሰው ጠብቃችሁ ተካፈሉ፣ ዋጋውንም ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። ክብራን ገብርኤል ሴቶች እንደማይገቡ እወቁ። የመንሳፈፊያ ጃኬት የሌለው ጀልባ ርካሽ ቢሆንም ይቅርባችሁ።

• ጢስ ዓባይ፦ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው የሚያምረው ከክረምቱ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው። በበጋ ውሃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ይሳሳል፤ በማይሆን ወቅት ሄዳችሁ ብራችሁን አታባክኑ።

ብር የማይቆጠብባቸው ነገሮች

1. አጎበር ያለው አልጋ

ንፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ። ደጋ ያደገ ሰው ሰውነቱ ወባን አያውቃትም፤ ስለዚህ ስትይዘው ትጠናበታለች። ከታች ጋይንትና ከስማዳ ቆላ ቀበሌዎች የመጣችሁ ደግሞ ታውቋታላችሁ፤ ቢሆንም አትናቋት። ትንኟ የምትናደፈው ከፀሐይ መጥለቂያ እስከ ንጋት ነው፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ትበዛለች።

አልጋ ስትይዙ "ቲቪ አለው?" ከማለታችሁ በፊት "አጎበር አለው?" በሉ። ማምሻውን ውሃ ዳር ከቆያችሁ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ሱሪና ካልሲ አድርጉ። ነፍሰ ጡርና ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ከያዛችሁ ግን ጀንበር ሳትጠልቅ ወደ ቤት ግቡ።

2. ንጹሕ ውሃና የበሰለ ምግብ

ከቤት በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይዛችሁ ኑ፤ ወጪው ይቀንሳል። ዓሣ ብሉ፣ ግን የተጠበሰ ወይም የተቀቀለ ይሁን። ጥሬ ዓሣ የጥገኛ ትል መንገድ ነው። ውሃ የታሸገ ወይም የፈላ ይሁን። ተቅማጥ ከያዛችሁ ኦአርኤስ ከፋርማሲ ገዝታችሁ ጠጡ፤ ዋጋው ትንሽ ነው።

3. ጥላና ዕረፍት

የባሕር ዳር ሙቀት ደገኛውን ቶሎ ያደክማል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊትና ከ10 ሰዓት በኋላ ተንቀሳቀሱ፤ መካከሉን ጥላ ሥር እረፉ።

ነጻ ቢሆንም የማይደረግ፦ ጣና ውስጥ መዋኘት

በሐይቁ ዳር፣ ሣርና ቀንድ አውጣ ባለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ የቢልሃርዚያ ትል አለ። እግር ነክሮ መቀመጥ ብቻ በቂ ነው፤ ትሉ ቆዳን ሰንጥቆ ይገባል። መጀመሪያ ማሳከክ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ይመጣል። ቆይቶ ጉበትን ይጎዳል። ደግነቱ ፕራዚኳንቴል በሚባል መድኃኒት ይታከማል። ውሃው ውስጥ ገብታችሁ ከነበረ ከ6 ሳምንት በኋላ የሰገራ ምርመራ አድርጉ። በጀልባ መሄድ ግን በዚህ በኩል ችግር የለውም።

ከተመለሳችሁ በኋላ (ይህን አትዝለሉት!)

ወባ በተነደፉበት ቀን አታስታውቅም። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ትወስዳለች፤ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ያኔ እናንተ አገራችሁ ገብታችኋል። ደጋ ላይ ትኩሳትና ራስ ምታት ሲመጣ ቤተሰቡ "ብርድ ነው፣ ጉንፋን ነው" ይላል፤ ባለሙያውም መጓዛችሁን ካላወቀ ወባን ላያስብ ይችላል። ክፉው ወባ ደግሞ በቀናት ውስጥ አንጎል ላይ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሂዱና ገና ሳትጠየቁ "ባሕር ዳር ነበርኩ" በሉ። በጣት ደም ቶሎ ይመረመራል። የተረፈ መድኃኒት ከጎረቤት ተቀብላችሁ አትዋጡ። ማንቀጥቀጥ፣ መቀባዠር፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል!

ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን በስልክ አጣሩ። የዘወትር መድኃኒት የምትወስዱ ለጥቂት ቀናት የሚተርፍ አድርጋችሁ ያዙ።

ይህን ጽሑፍ አገር ቤት ላሉ ወላጆቻችሁ አንብቡላቸው፤ ወደ ባሕር ዳር ለሚመጣ ሰውም ሼር አድርጉ።

መልካም ጉዞ፣ በጤና ግቡ!