የአቋቋም ትምህርትና የተማሪው ትጋት

አቋቋም ማለት በማኅሌት ጊዜ ዜማው ከመቋሚያ፥ ከጸናጽልና ከከበሮ፥ ከሰውነትም ንቅናቄ ጋራ ተስማምቶ የሚቀርብበት ትምህርት ነው። የዜማው አባት በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ ነው። በመጀመሪያ ቁም ዜማ ያለ ከበሮ ይባላል። ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ከዜማው ጋራ ይንቀሳቀሳል። ከዚያም ከበሮው ገብቶ መረግዱ በዝግታ፥ ጽፋቱ በፍጥነትና በጭብጨባ ይከተላል።

በከላላና በመካነ ሰላም ደጋ በበዓል ሌሊት ቤተ ክርስቲያን የሄደ ልጅ ይህን አይቶ፥ «እኔም ልማር» ይላል። ነገር ግን መማር ሁሉ አንድ አይደለም፤ እንደ ተማሪው ትጋት ሦስት ክፍል አለው።

አንደኛው፥ ቀን በትምህርት ቤት ውሎ፥ ማታ ከመሪጌታው ዘንድ እየሄደ ለበዓል የሚሆነውን ጥቂት ወረብ የሚያጠና ነው። ይህ መልካም ነው፤ የዕለት ትምህርቱንም አያስተጓጕልበትም።

ሁለተኛው፥ ጾመ ድጓንና ድጓን ተምሮ፥ እርሻውን እያረሰ ዓመቱን ሁሉ የደብሩን ማኅሌት የሚቆም ነው። ደብር የሚጸናው በእንዲህ ያለው ሰው ነው።

ሦስተኛው፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ከአገሩ ርቆ ብዙ ዓመት የሚማር ነው። ይህ ተማሪ ጎንደር በአታን ወይም ደብረ ታቦርን ከመሰለ የምስክር ቦታ ደርሶ ሲመሰክር መምህር ይሆናል።

ሦስተኛው ከሌለ ሁለቱ አይኖሩም። የዜማው ምልክት በመጽሐፍ ተጽፏል፤ የእጅና የእግሩ አካሄድ ግን ከመምህር ታይቶ በሰውነት ካልተለመደ ከብራና ብቻ አይገኝም። የተክሌ አቋቋም ለዚህ ምሳሌ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አለቃ ገብረ ሃና ይህን ስልት ባወጡ ጊዜ የጎንደር ሊቃውንት እንዳልተቀበሉት ይነገራል። ልጃቸው ተክሌ ግን ጠንቅቆ ተምሮ በደብረ ታቦር ስላስተማረው፥ በስሙ ተጠርቶ እስከ ዛሬ ይኖራል። አንድ ተማሪ እስከ ፍጻሜ በመጽናቱ አንድ ስልት ከመጥፋት ዳነ።

ካህናት እየዘመሩ የሚያሸበሽቡበት የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ይህ ክብር ነው፤ ነገር ግን መዝገብ መቋሚያ ይዞ አይቆምም፥ ተማሪም አያስተምርም።

ስለዚህ ልጅ ሳይጀምር አቅሙንና ፈቃዱን መርምሮ ከወላጆቹና ከመሪጌታው ጋራ ይማከር። የማታውን ትምህርት የመረጠ አይናቅ፤ ርቆ ለመሄድ የቆረጠም ስንቅና ምርቃት አይጣ። ጸናጽል የያዘ ሁሉ መሪጌታ አይሆንም። ከአገሩ አንድ ስንኳ እስከ ፍጻሜው የሚማር ከታጣ ግን፥ ነገ «እኔም ልማር» ለሚለው ልጅ የሚያሳየው አይገኝም።